«አዲስ ጥናት አረጋገጠ» የሚለውን ዜና እንዴት እናንብበው?

በስድስት ኪሎ አደባባይ የቆመው የሰማዕታት ሐውልት የስንት ሰው መታሰቢያ ነው? አብዛኞቻችን ሳናመነታ «የ30 ሺህ» እንላለን። በትምህርት ቤት የተማርነውም፣ የካቲት 12 በመጣ ቁጥር የምንሰማውም ይኸው ነው። የጣሊያን ባለሥልጣናት በጊዜው ያመኑት ከዚህ እጅግ ያነሰ ነበር። እንግሊዛዊው ተመራማሪ ኢያን ካምቤል ደግሞ ጉዳዩን ለብዙ ዓመታት ሲያጠኑ ቆይተው፣ እ.ኤ.አ. በ2017 ባሳተሙት መጽሐፍ በአዲስ አበባ የተገደሉት ወደ 19 ሺህ እንደሚደርሱ ገምተዋል። ይህን የሰማ ሰው ብዙውን ጊዜ ከሁለት አንዱን ያደርጋል። ወይ «ፈረንጅ ታሪካችንን ሊያሳንስብን ነው» ብሎ ይቆጣል፣ ወይ «አዲስ ጥናት ነው» ብሎ የድሮውን ቁጥር ወዲያው ይጥላል። ሁለቱም ጥናቱን አላነበቡትም።

መጀመሪያ 30 ሺህ የሚለው ከየት መጣ? ከጦርነቱ በኋላ የኢትዮጵያ መንግሥት ለአሸናፊዎቹ ኃያላን መንግሥታት የጉዳት ዝርዝር አቅርቦ ነበር። በዚያ ዝርዝር በወረራው ዘመን በጠቅላላው 760,300 ሰው እንዳለቀ ተመዝግቧል፤ ከዚህ ውስጥ ለየካቲቱ እልቂት የተሰጠው ድርሻ 30 ሺህ ነው። ካሳ የሚጠየቅበት ሰነድ ነው። ሰነዱ ካሳ መጠየቂያ ስለሆነ ብቻ ሐሰት ነው ማለት አይደለም፤ ከተማዋ ስትነድ ሬሳ እየቆጠረ የሚመዘግብ ሰው እንዳልነበረም ግልጽ ነው። ችግሩ ሌላ ነው። ሰነዱ ድምሩን እንጂ አደማመሩን አያሳይም። ቁጥሩ እንዴት እንደተገኘ ስለማይነግረን ስህተት ቢኖርበት እንኳ የቱ ጋ እንደሆነ ማግኘት አንችልም።

ካምቤል የሄዱት በሌላ መንገድ ነው። ግድያው ከገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ግቢ ተነሥቶ ወደየትኛው ሰፈር፣ በምን ሰዓት እንደተዛመተ ምስክር ከምስክር እያገናኙ ካርታውን መልሰው ሠሩት። ከምስክሮቹ መካከል በሕይወት የተረፉ ኢትዮጵያውያን አሉ። በከተማዋ የነበረው ሃንጋሪያዊ ሐኪም ላዲስላስ ሳቫ አለ። የአሜሪካው ዲፕሎማት ኮርኔሊየስ ኤንገርት ወደ ዋሽንግተን የላካቸው ሪፖርቶች አሉ። ከሁሉ ይልቅ የሚገርመው ግን ቺሮ ፖጃሊ የተባለው ጣሊያናዊ ጋዜጠኛ ነው። ለጋዜጣው የሚልከው ዜና እንደ ዘመኑ ትእዛዝ ነበር፤ ማታ ማታ በምስጢር በሚጽፈው ማስታወሻ ላይ ግን ወገኖቹ ሲቪል ለባሾች በዱላና በብረት ሰው ሲገድሉ፣ ጎጆ በነዋሪው ላይ ሲያቃጥሉ ያየውን አስፍሯል። ማስታወሻው የታተመው እ.ኤ.አ. በ1971 ነው። ለተመራማሪ እንዲህ ያለ ምስክር ዋጋው ከፍ ያለ ነው፤ የሚናገረው በራሱ ወገን ላይ ነውና።

እዚህ ላይ ብናቆም «ጥናት ቁጥር ይቀንሳል» የሚል የተሳሳተ ስሜት ይዘን እንሄዳለን። ስለዚህ ደብረ ሊባኖስን እንጨምር። የጣሊያኑ ገዥ ግራዚያኒ በገዳሙ መነኮሳት ላይ ስለወሰደው እርምጃ ወደ ሮም የላካቸው ቴሌግራሞች ይገኛሉ። በግንቦት 1929 ዓ.ም. 297 መነኮሳትና ተባባሪ የተባሉ 23 ሌሎች ሰዎች፣ ከዚያም ቀጥሎ 129 ዲያቆናት መረሸናቸውን ይናገራሉ፤ በድምሩ 449። ለብዙ ጊዜ በውጭ አገር መጻሕፍት ሲጠቀስ የኖረው ይኸው የገዳዩ ሒሳብ ነው። ካምቤል ከኢትዮጵያዊው ተመራማሪ ከደግፌ ገብረ ጻድቅ ጋር ሆነው ግድያው የተፈጸመበትን ቦታ ፈልገው፣ የዓይን ምስክሮችን አነጋግረው ያገኙት ግምት ግን ከ1,800 እስከ 2,200 ይደርሳል። ከአራት እጥፍ በላይ ሆነ ማለት ነው።

እንግዲህ በአንድ ሰው፣ በአንድ ዓይነት አሠራር፣ አንዱ ቁጥር ወረደ፣ ሌላው ወጣ። ጥናት ከክርክር የሚለየው በዚህ ይመስለኛል። ተከራካሪ የሚፈልገውን ውጤት አስቀድሞ ያውቃል፤ ማስረጃ የሚሰበስበው ከዚያ በኋላ ነው። ተመራማሪ ግን አሠራሩን አስቀድሞ ይገልጽና ውጤቱ ደስ ባያሰኘውም ይቀበላል። ከዚህ በታች የማነሣቸውን ሁሉ በዚህ መለኪያ ነው የማያቸው።

በነገራችን ላይ ግድያው የጀመረበት ያ ቤተ መንግሥት ዛሬ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ዋና ግቢ ነው። እ.ኤ.አ. በ1963 የተመሠረተው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም በዚያው ሕንፃ ውስጥ ነው፤ የንጉሠ ነገሥቱን መኝታ ክፍል ለማየት የሚመጣ ጎብኚና የግዕዝ ብራና የሚመረምር ተማሪ በአንድ ደረጃ ይወጣሉ። በግቢው ደግሞ ወደ የትም የማያደርስ ሌላ ደረጃ ቆሟል። ጣሊያኖች ለእያንዳንዱ የፋሺዝም ዓመት አንድ እርከን እየቆጠሩ የሠሩት ነው ይባላል፤ ከነጻነት በኋላ ጫፉ ላይ የይሁዳ አንበሳ ተቀመጠበት። ስለ ድል የተጻፉ ብዙ መጻሕፍት ከዚያ አንበሳ የተሻለ አልተናገሩም።

ታሪክ ጸሐፊ ብቻውን ሩቅ አይሄድም። በተለይ በእኛ አገር የታሪክ ምንጩ አብዛኛው የሃይማኖት መጽሐፍ ነው፤ መጽሐፉ የተጻፈው በቅኔና በምሳሌ ነው፤ ያስጻፈው ደግሞ ንጉሥ ወይም ገዳም ነው። ስለዚህ አንድ ገድል በእጁ የገባለት ተመራማሪ የሃይማኖቱን ትምህርት፣ የሥነ ጽሑፉን ልማድና የዘመኑን የሥልጣን ሽኩቻ በአንድነት ማወቅ ይኖርበታል። ታሪክ፣ ሥነ ጽሑፍ፣ ሃይማኖትና ፖለቲካ በዩኒቨርሲቲ ክፍል ተለያይተው ቢቀመጡም፣ ብራናው ላይ ግን አንድ ናቸው።

የአባ ገሪማ ወንጌልን እንውሰድ። በአድዋ አቅራቢያ ባለው ገዳም ትውፊት፣ ቅዱሱ ወንጌሉን በአንድ ቀን ጽፎ እስኪጨርስ ፀሐይ ቆማለታለች። የዘመናችን ሊቃውንት ግን ከሥዕሎቹ አሣሣል ተነሥተው መጽሐፉን ወደ ሺኛው ዓመት ማዶ፣ ማለትም ከቅዱሱ ዘመን ብዙ መቶ ዓመታት ወዲህ ሲያደርጉት ኖሩ። በኋላ ከብራናው ጥቃቅን ቁራጮች ተወስደው በኦክስፎርድ ቤተ ሙከራ በካርበን 14 ተመረመሩ። ውጤቱ በ4ኛውና በ7ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መካከል ሆነ። በዓለም ላይ ካሉት ጥንታዊ የሥዕል ወንጌሎች ግንባር ቀደም ተርታ ገባ ማለት ነው። ስለ ዘመኑ ገዳሙ ልክ ነበር።

ስለ ፀሐይዋስ? ምርመራው ስለ ፀሐይዋ ምንም አላለም፤ ሊልም አይችልም። ካርበን 14 የሚለካው አንድ ነገር ብቻ ነው። ሕይወት ያለው ሁሉ ይህን ንጥረ ነገር ከአካባቢው ይወስዳል፤ ሲሞት መውሰዱን ያቆማል፤ በውስጡ የቀረው በየ5,730 ዓመቱ በግማሽ እየቀነሰ ይሄዳል። ስለዚህ ምርመራው የሚነግረን ቆዳው ብራና የሆነለት ፍየል ወይም በግ መቼ አካባቢ እንደታረደ ነው። ያውም ዓመቱን ለይቶ አይደለም፤ ከዚህ እስከዚህ ብሎ ነው። ጽሑፉ መቼ ተጻፈ፣ ማን ጻፈው የሚለው የሌላ ሙያ ጥያቄ ነው። «ሳይንስ ትውፊቱን አረጋገጠ» የሚል ርዕስ ስታዩ የትኛውን ክፍል ነው ያረጋገጠው ብላችሁ ጠይቁ።

ድሬዳዋ አጠገብ ያለችው ሐርላ ደግሞ ተቃራኒውን ታሳያለች። የአካባቢው ገበሬዎች በየእርሻቸው ከሚያገኟቸው ትልልቅ ድንጋዮች የተነሣ «የግዙፍ ሰዎች ከተማ ነበረች» ይሉ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2017 ይፋ የሆነው ቁፋሮ ግዙፍ ሰው አላገኘም። ያገኘው የ12ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መስጊድ፣ የጌጥ መሥሪያ ቦታና ከባሕር ማዶ የመጡ ዕቃዎች ነው። ትውፊቱ ስለ ሰዎቹ ቁመት ተሳሳተ፤ ከተማ ነበረ ማለቱ ግን ልክ ወጣ። በዚህ ላይ ደግሞ በመካከለኛው ዘመን ኢትዮጵያን «በእስልምና ባሕር የተከበበች የክርስቲያን ደሴት» አድርጎ የሚያቀርበው የቆየ አመለካከት እንዲህ ባሉ ግኝቶች ፊት መሳሳቱ እየጎላ ሄዷል። ሁለቱ ሃይማኖቶች ከተዋጉበት ይልቅ የተገበያዩበት ዘመን ሳይረዝም አይቀርም።

አሁን ወደ ከባዱ እንምጣ፤ በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ተጻፈ ወደሚባለው የግዕዝ የፍልስፍና ጽሑፍ፣ ወደ ሐተታ ዘርዓ ያዕቆብ።

ታሪኩ ባጭሩ ይህ ነው። ዘርዓ ያዕቆብ በአክሱም አካባቢ በ1592 ዓ.ም. ከድሃ ገበሬ ቤት ተወልዶ፣ ቅኔና ትርጓሜ ተምሮ፣ አፄ ሱስንዮስ ወደ ካቶሊክ እምነት በገቡበት ዘመን ተከስሶ ይሸሻል። በዋሻ ውስጥ መዝሙረ ዳዊቱን ይዞ ሁለት ዓመት ያሰላስላል። ከዚያ እንፍራዝ ወርዶ በጽሕፈት እየተዳደረ ይኖራል፤ በስተርጅናም በደቀ መዝሙሩ በወልደ ሕይወት ጉትጎታ ሐሳቡን በግዕዝ ይጽፋል። ጽሑፉ ደፋር ነው። የሰው ልጅ እውነትን የሚለየው እግዚአብሔር በሰጠው ልቡና እንጂ በወረሰው ትምህርት አይደለም ይላል፤ ጾምን፣ ምንኩስናን፣ የሦስቱንም ሃይማኖቶች ሥርዓት ይመረምራል። ከጥቂት ዓመታት ወዲህ በአውሮፓ ሳይቀር ከጀርመናዊው ፈላስፋ ከካንት ቀድሞ እንደ እሱ ያሰበ እየተባለ ተወድሷል።

ጥያቄው ግን በእርግጥ ይህ ሰው ነበረ ወይ የሚል ነው። ክርክሩ የቆመባቸው የሐተታው ሁለት ቅጂዎች ዛሬ ፓሪስ ናቸው። ሁለቱም ወደዚያ የሄዱት በአንድ ሰው እጅ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1850ዎቹ መጀመሪያ በቤጌምድር በነበረው ጣሊያናዊ ሚስዮናዊ በአባ ጁስቶ ዳ ኡርቢኖ በኩል፣ ለፈረንሳዊው አሳሽና የመጻሕፍት ሰብሳቢ ለአንቷን ዳባዲ። እ.ኤ.አ. በ1920 ጣሊያናዊው ሊቅ ካርሎ ኮንቲ ሮሲኒ፣ ይህን የጻፈው ራሱ አባ ጁስቶ ነው አሉ። ካነሡት ነገር አንዱ የሚስዮናዊው የልጅነት ስም ያዕቆብ መሆኑ ነው። የጽሑፉ አስተሳሰብም የ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ኢትዮጵያዊ ሳይሆን የአውሮፓ የአብርሆት ዘመን፣ ማለትም ወግን በልቡና መመርመር የተስፋፋበት ዘመን፣ ይሸታል አሉ።

ሌሎች መለሱ። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ለረጅም ዓመታት ያስተማሩት ካናዳዊው ኢየሱሳዊ ክላውድ ሰምነር፣ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ የሐተታውን ቃላትና አረፍተ ነገሮች እየቆጠሩ፣ የዘርዓ ያዕቆብና የወልደ ሕይወት ጽሑፎች የሁለት የተለያዩ ሰዎች እጅ እንዳላቸው ተከራከሩ። አንድ የውጭ ሰው ገና በሚማረው ግዕዝ ሁለት የተለያዩ ኢትዮጵያውያን መስሎ እንዲህ አድርጎ ሊጽፍ አይችልም ነው ነገሩ። እ.ኤ.አ. በ2013 ደግሞ ፈረንሳዊቷ የታሪክ ተመራማሪ አናይስ ዊዮን፣ አባ ጁስቶ ለዳባዲ የጻፋቸውን ደብዳቤዎች በዝርዝር መርምረው ወደ ሮሲኒ ድምዳሜ ተመለሱ። በግዕዝ ሥነ ጽሑፍ ከእሳቸው በላይ ሰው ለመጥራት የሚከብደው ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ በበኩላቸው ቀድሞ ተጠራጣሪ ነበሩ፤ በስተመጨረሻ ግን አሳባቸውን ቀይረው፣ መሠረቱ የኢትዮጵያዊ ሥራ ሆኖ የሌላ እጅ የገባበት ነው ወደሚል አቋም መጡ። እ.ኤ.አ. በ2022 ጉዳዩ በኦክስፎርድ ጉባኤ ተደርጎበት፣ ተሰብሳቢው ሳይስማማ ተበትኗል።

እዚህ ላይ ፖለቲካው ይገባል፤ ከሁሉም አቅጣጫ ነው የሚገባው። «ሮሲኒ በኤርትራ የቅኝ ግዛት ሹም ነበሩ፤ ጥቁር ፈላስፋ መኖሩን መቀበል አልፈለጉም» የሚል መልስ ብዙ ጊዜ እንሰማለን። ሹም መሆናቸው እውነት ነው። ነገር ግን የተናጋሪውን ማንነት መንገር ክርክሩን ማፍረስ አይደለም። ዛሬ «ሐተታው የሚስዮናዊ ነው» ከሚሉት መካከልም ኢትዮጵያውያን አሉ፤ አንዳንዶቹ ቤተ ክርስቲያንን የሚነቅፍ ጽሑፍ ከቤተ ክርስቲያን ልጅ አይወጣም ከሚል ስሜት፣ ሌሎቹ ከንጹሕ የጽሑፍ ምርመራ ተነሥተው። በሌላ በኩል እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ አፍሪካ ፍልስፍና አላት ወይስ የላትም የሚለው ክርክር የጋለበት ወቅት ነበር፤ ሐተታው ያኔ ለብዙዎች የተመኙት መልስ ነበር። መመኘታቸውም ክርክራቸውን አያፈርሰውም።

የኔ አስተያየት፣ ነገሩ አልተፈታም የሚል ነው፤ «ተፈትቷል» የሚል ርዕስ የያዘ ጽሑፍ ሳይ ከየትኛውም ወገን ቢሆን እጠራጠራለሁ። ምን ቢገኝ እንደሚፈታ ግን ይታወቃል። የግዕዝ መጻሕፍት በእጅ እየተገለበጡ የኖሩ ናቸው፤ ገልባጭ ይሳሳታል፤ የሚቀጥለው ገልባጭ ስህተቱን ከነመልኩ ይወርሳል። ተመራማሪዎች ቅጂዎችን ጎን ለጎን አስቀምጠው የጋራ ስህተቶችን እየለቀሙ የትኛው ከየትኛው እንደተወለደ ይለያሉ። ሽማግሌ ባልና ሚስትን ለየብቻ እንደሚሰማ ሁሉ፣ የብራና መርማሪም እርስ በርስ ያልተነጋገሩ ምስክሮችን ይፈልጋል። የሐተታው ሁለት ቅጂዎች ግን በአንድ ሰው በኩል ስላለፉ እንደ አንድ ምስክር ናቸው። ከአባ ጁስቶ በፊት የተገለበጠ፣ እሱ ያልነካው አንድ ቅጂ በአንድ ገዳም ዕቃ ቤት ቢገኝ የሚስዮናዊው ደራሲነት በዚያው ቀን ያበቃለታል። እስካሁን የቀረበና ሁሉም የተቀበለው እንዲህ ያለ ቅጂ የለም።

የቅርብ ጊዜውን ፖለቲካ ለሚያጠኑ ደግሞ ችግሩ የሰነድ እጥረት ሳይሆን የሰነዱ ጠባይ ነው። ከ1983 ዓ.ም. በኋላ የተቋቋመው የልዩ ዓቃቤ ሕግ ጽሕፈት ቤት ስለ ቀይ ሽብር እጅግ ብዙ የደርግ ሰነድ ሰበሰበ፤ በመስቀል አደባባይ ያለው የሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም የሚያሳየው የዚያን ዘመን መከራ ነው። ግን ሰነዱ የተለቀመው ማን አዘዘ፣ ማን ፈጸመ የሚለውን በፍርድ ቤት ለማስረዳት ነው። ዓቃቤ ሕግ ያልጠየቀውን ጥያቄ ያ መዝገብ በቀላሉ አይመልስም። ጎረቤት ጎረቤቱን ለምን ጠቆመ? የቀበሌው ጸሐፊ ማታ ቤቱ ሲገባ ለልጆቹ ምን ይላቸው ነበር? ለዚህ የቃል ታሪክ ያስፈልጋል፤ የቃል ታሪክ ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው፤ ሰው ከ40 ዓመት በኋላ የሚያስታውሰው ያየውን ብቻ ሳይሆን በኋላ ያነበበውንም ጭምር ነው።

አንድ ትንሽ የምትመስል፣ ግን በየዓመቱ ብዙ ሰው የምታሳስት ነገር ላንሣ፤ የዘመን አቆጣጠር። በእኛና በአውሮፓውያን መካከል ያለው ልዩነት ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ አጋማሽ ማለፊያ 7፣ ከዚያ በኋላ 8 ዓመት ነው። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. ላይ በስህተት 7 የደመረ ሰው እ.ኤ.አ. በ1936 የካቲት ላይ ያርፋል። ያኔ ደግሞ ጣሊያን ገና አዲስ አበባ አልገባም። የድሮ ብራናዎች በዓመተ ሰማዕታትና በዓመተ ዓለምም ይቆጥራሉ። አንድ ጽሑፍ የዘመን አቆጣጠሩን ሳይገልጽ ዓመት ከጠቀሰ ጸሐፊው ምንጩን ራሱ እንዳላየ መጠርጠር ይቻላል።

«በታወቀ መጽሔት ታትሟል» የሚለውስ? የጥናት መጽሔት አንድ ጽሑፍ ሲቀርብለት በዘርፉ ላሉ ሁለት ወይም ሦስት ሰዎች ይልካል፤ እነሱም አብዛኛውን ጊዜ ስማቸው ሳይገለጽ አስተያየት ይሰጣሉ። ይህ ማጣሪያ ጠቃሚ ነው። ገምጋሚዎቹ ግን ጥናቱን እንደገና አይሠሩትም፤ ገዳም ወርደው ብራናውን አይገልጡም። የሚያዩት አሠራሩ ምክንያታዊ መሆኑን ነው። እውነተኛው ፈተና የሚመጣው ከታተመ በኋላ፣ ሌሎች ሲጠቀሙበትና ሲተቹት ነው። ስለዚህ ትናንት የወጣ ጥናት ገና የምስክር ቃሉን የሰጠ እንጂ ፍርድ ያገኘ አይደለም።

ለእኛ አንባቢዎች ያለው እንቅፋት ከዚህ ይበልጣል። ስለ ኢትዮጵያ የሚደረገው ምርምር በአብዛኛው የሚታተመው በእንግሊዝኛ፣ በፈረንሳይኛ፣ በጣሊያንኛና በጀርመንኛ ነው። ከ2003 እስከ 2014 እ.ኤ.አ. በአምስት ቅጽ የታተመው ትልቁ የኢትዮጵያ ጥናት ኢንሳይክሎፒዲያ የተዘጋጀው ሐምቡርግ፣ የተጻፈውም በእንግሊዝኛ ነው። እንዲህ ያሉ መጻሕፍት በፒያሳ መጻሕፍት ቤቶች እምብዛም አይታዩም፤ ቢታዩም ዋጋቸው የመምህር ደመወዝ አይችለውም። ስለዚህ ጥናቱ ወደ አማርኛ የሚደርሰው በሦስተኛ ሰው ወሬ ነው፤ «ሊሆን ይችላል» የነበረው በመንገድ ላይ «ተረጋግጧል» ይሆናል። ይህን ጋዜጠኞቻችን ላይ ብቻ መጣል ተገቢ አይመስለኝም። የራሱን ጥናት ዋና አሳብ በሁለት ገጽ አማርኛ ለመጻፍ የማይደክም ምሁርም ድርሻ አለው።

ያም ሆኖ ያለ ገንዘብ የሚገኝ ነገር አለ። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሚጻፉ ብዙ የመመረቂያ ጽሑፎች በኢንተርኔት ተከፍተው ይገኛሉ፤ አንዳንዶቹ ከታተሙ መጻሕፍት ይሻላሉ። እ.ኤ.አ. በ1973 የተጀመረው የኢትዮጵያ ብራናዎች የማይክሮፊልም ሥራ ከየገዳማቱና ከየአድባራቱ በሺዎች የሚቆጠሩ መጻሕፍትን አንሥቷል፤ ቅጂው በአሜሪካ ሚኒሶታ በሚገኝ ቤተ መጻሕፍት ተቀምጦ ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ለአሥርት ዓመታት ሲዘረዝሩት ኖሩ፤ ዛሬ ብዙው በነጻ በመመዝገብ በኮምፒውተር ገጽ በገጽ ይታያል። ካታሎግ ያልተሠራላቸው፣ ርዕሳቸው እንጂ ውስጣቸው ያልተነበበ ብዙ ናቸው። የሐተታው ሦስተኛ ቅጂ በመካከላቸው ይኑር አይኑር የሚያውቅ የለም፤ ለማወቅ የሚያስፈልገው ግዕዝ፣ ትዕግሥትና ስድስት ኪሎም ሆነ ቤት ተቀምጦ የሚከፈት አንድ ኮምፒውተር ነው።